የድምፅ ልክ በጋይንት ምድር

ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ ተነሥቶ፥ ደጋውን በነፋስ መውጫ በኩል እያለፈ፥ በስተ ደቡብ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው አገር ጋይንት ይባላል። በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ዘመን ራሱን የቻለ አውራጃ የነበረው ይህ አገር ዛሬ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ተብሎ በሁለት ወረዳ ሲተዳደር፥ የላይኛው መቀመጫ ነፋስ መውጫ፥ የታችኛው መቀመጫ ደግሞ አርብ ገበያ ናት። ጋይንት ከጎረቤቶቹ ከስማዳና ከእስቴ ጋር በእርሻና በገበያ ቢታወቅም፥ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ሲወሳ የኖረው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሰው ድምፅ በሥርዓት የሚለካበት፥ ከፍታውና ዝቅታው በመምህር ፊት የሚመረመርበት፥ ተማሪውም ድምፁን ከማንሣቱ በፊት መያዝን የሚማርበት አገር በመሆኑ ነው። ስለዚህ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባበትን ታሪክ፥ በተለይም የመሣሪያው ክፍሎች አንዱ ለሌላው ሳይመጠን ሲቀር በድምፁ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመተረክ፥ ከዚህ አገር መነሣት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ እንዲሰማው የተፈለገ ነገር የሚነገረው በገበያ ነበር። የመንግሥት አዋጅ ሲወርድ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ገበያተኛው ከእህሉና ከከብቱ መካከል ቀና ይላል፤ አዋጅ ነጋሪውም ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ቃሉን ያሰማል። የነጋሪቱ ተግባር ጆሮን መጥራት ነበር፤ ቃሉ ሲጀመር ነጋሪቱ ዝም ይላል፥ ሕዝቡም ዝም ይላል፥ በሩቅ ያለውም ይቀርባል። ድምፁ ሊደርስ የሚችለው አንድ ሰው ከደረቱ በሚያወጣው መጠን ብቻ ስለ ነበር፥ የጎደለውን የሚሞላው የሰሚው ጸጥታ ነበር። የድምፅ ብርታት የሚመዘነው በዙሪያው ካለው ጸጥታ ጋር ተነጻጽሮ መሆኑን ከብዙ ዘመን በኋላ የውጭ አገር መሐንዲሶች በቁጥር ሲያስረዱ፥ የገበያችን ሥርዓት ግን ነገሩን በልማድ ያውቀው ነበር።

ከገበያው ይልቅ የድምፅ ልክ በጥብቅ ሲጠበቅ የኖረው በቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፥ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ከፍሎ፥ ድጓውን፥ ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን ደረሰ። ይህ ሀብት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ፥ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው የጽሕፈት ምልክት እንዳስያዙለት ሊቃውንቱ ይተርካሉ። የድጓው ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት ነው፤ የቆማ ዜማ ለሚባለው ስልት መገኛ የሆነው ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ በጎረቤት በእስቴ ነው። ከትግራይም ሆነ ከሸዋ፥ ከወሎም ሆነ ከጎጃም የተነሣ የድጓ ተማሪ፥ ትምህርቱን በአገሩ ቢጨርስ እንኳ ቤተልሔም ደርሶ በመምህሩ ፊት ሳይመሰከርለት መምህር ልባል ማለት አይሆንለትም ነበርና፥ አኮፋዳውን አንግቶ ወደዚህ አገር ሲጎርፍ ኖሯል፤ አሁንም ይመጣል።

በድጓው ብራና ላይ፥ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈሩት ዋና ዋና ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ሲጨመሩባቸው ዐሥር ይሞላሉ። ሊቃውንቱ እነዚህን ምልክቶች ከክርስቶስ ሕማማት ጋር እያያያዙ በምስጢር ይተረጉሟቸዋል፤ ለተማሪው ጉሮሮ ግን እያንዳንዳቸው ግልጽ ትእዛዝ ናቸው። ደረት ድምፁ ከደረት ጎርነን ብሎ እንዲወጣ ያዛል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ድፋት ይደፋዋል፤ ይዘት ያዝ ያደርገዋል፤ ቁርጥ ያቋርጠዋል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጠዋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ዜማውን ከመጀመሪያው አክርሮና አስጩኾ ቢነሣ፥ ቅናት ሲመጣበት የሚወጣበት ሰማይ ያጣል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ምልክቱን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያ የሚያርመው መነሻውን ነው፤ ዝቅ ብሎ የተነሣ ብቻ ለመውጣትም ለመውረድም ስፍራ ያገኛል።

ማኅሌቱም የተሠራው በዚሁ ጥበብ ነው። በዋዜማና በሌሊት ካህናቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሲቆሙ፥ ቃሉ በመጀመሪያ እንበለ ከበሮ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው በመረግድ ይደምቃል፤ በጽፋት ጊዜ ምቱ ይፋጠናል፤ በመጨረሻ እልልታውና ጭብጨባው ተጨምሮ ቤቱ ይሞላል። ከመጀመሪያው የአንድ መሪ ድምፅ እስከ መጨረሻው የማኅበር ድምፅ ድረስ ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው፤ ሰሚው ልቡ የሚነካው በዚህ ርቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ነው። መሰላሉ ተነሥቶ ሁሉም ነገር ባንድ ከፍታ ቢባል፥ ቃሉ ሳይለወጥ ማኅሌቱ ማኅሌትነቱን ያጣ ነበር።

ለዚህ ሥርዓት የተሠራው ቤትም ከድምፁ ጋር የተስማማ ነበር። የአገሩ ቤተ ክርስቲያን በብዛት ክብ ሆኖ፥ በቅኔ ማኅሌት፥ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል። የቤተልሔምን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የመሰለ፥ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንጻ ሆኖ ኋላ በክብ የሣር ክዳን የተከበበም አለ። የሣር ክዳን ድምፅን በብዛት ይውጣል እንጂ እንደ ብረት መልሶ አይወረውረውም፤ ስለዚህ የመሪው ቃል ከራሱ ገደል ማሚቶ ጋር ሳይጋጭ ጥርት ብሎ ይሰማል። የቆርቆሮ ክዳን በየአጥቢያው ሲስፋፋ ጣሪያው ከማፍሰስ ዳነ፤ ነገር ግን በክረምት የዝናቡ ጩኸት ቅዳሴውን ሸፈነው፥ በበጋም ለስላሳው ብረት ድምፁን መልሶ መላልሶ ወደ ሰሚው ጣለው። የድምፅ ማጉያ አስፈላጊነት በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የተሰማው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ድምፅን በመሣሪያ የመያዝ ነገር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ ቀድታ የላከችውን መልእክት ዐፄ ምኒልክ ከሰሙ በኋላ፥ እርሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሰው ድምፃቸውን ላኩላት። ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ ወደ ጀርመን አገር ተልኮ የነበረው ባለቅኔውና ዘፋኙ ተሰማ እሸቴ ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ፥ የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ለገበያ በቃ። በዚያ ዘመን ሸክላ ማጫወቻው ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ መርፌው ሲንቀጠቀጥ ስስ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፥ ድምፁም በጡሩምባው በኩል ይወጣል። ድምፁን ለመቀነስ ወይም ለመጨመር የፈለገ ሰው የሚለውጠው መርፌውን ነበር፤ ወፈር ያለው መርፌ ጎላ ያለ፥ ቀጠን ያለው ለዘብ ያለ ድምፅ ይሰጥ ነበርና። ሰው ድምፅን ከምንጩ መጥኖ መነሣት እንዳለበት ይህ ትንሽ የብረት መርፌ ያስገድደው ነበር።

የኤሌክትሪኩ ዘመን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በፈረንጆች 1906 የሠራው ባለ ሦስት ክፍል አምፖል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደካማውን ምልክት ለማጉላት ዋለ፤ በ1925 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚቀረጽ ሸክላ ወጣ፥ ራይስና ኬሎግ የተባሉ መሐንዲሶችም የዛሬው ስፒከር አባት የሆነውን ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ ጋር አስተዋወቁ። የቴሌፎን መሐንዲሶች ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲሄድ የሚደክምበትን መጠን ለመለካት ፈልገው፥ በቴሌፎን ፈጣሪው በቤል ስም ዴሲቤል የተባለውን መለኪያ ሠሩ፤ በዚህ መለኪያ ጉልበት ዐሥር እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል፥ ቮልት ዐሥር እጥፍ ሲሆን 20 ዴሲቤል ይባላል። መነሻ ልክ ይሆን ዘንድም በ600 ኦም መሥመር ላይ አንድ ሚሊዋት የሚሰጠውን 0.775 ቮልት መረጡ። ይህች ቁጥር ከቴሌፎን ቤት ወደ ሬዲዮ ጣቢያ፥ ከሬዲዮ ጣቢያም ወደ ድምፅ ማጉያ ፋብሪካ ተሻግራ እስከ ዛሬ በብዙ አምፕሊፋየር ጀርባ ተጽፋ ትገኛለች።

በእኛም አገር በአቃቂ የተቋቋመው የሬዲዮ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፥ በጠላት ወረራ ዋዜማ፥ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ወደ ውጭው ዓለም አሰማ፤ ከነጻነት በኋላ ሬዲዮው እንደገና ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ፈቃድ በአንድ ተቋም እጅ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የከተማ ታሪክ ነው። ለጋይንት ገበሬ የመጀመሪያው የተጎላ ድምፅ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ ሬዲዮ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ቴፑ ነው። በደርግ ዘመን ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፥ በቻይናዎች እርዳታ የተሠራው መንገድ ሲከፈት፥ ካሴቱ፥ ባትሪውና ጄኔሬተሩ በጭነት መኪና ወደ ጋይንት መውጣት ጀመሩ፤ ለስብሰባ ሜጋፎን፥ ለሠርግና ለበዓል ደግሞ ሕዝቡ ሞንታርቦ ብሎ የሚጠራው ትልቁ ድምፅ ማጉያ መጣ።

እዚህ ላይ የነገሬ ዋና ክፍል ስለሚጀምር አንባቢዬ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የድምፅ ማጉያ ሥራ በሁለት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ቅድመ ማጉያ ነው፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በሚክሰሩ ውስጥ ይገኛል፤ ከማይክራፎን፥ ከሸክላ ወይም ከቴፕ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ አበርትቶ ያቀብላል፥ የቮሊዩሙም ቁልፍ በእርሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ኃይል ሰጪው አምፕሊፋየር ነው፤ የተቀበለውን ቮልት በቋሚ መጠን አባዝቶ ስፒከሩን የሚገፋ ጉልበት ያደርገዋል። አምፕሊፋየሩ ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት የሚፈልገው ቮልት የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሰጡት ተጨማሪ ጉልበት ከየትም አያመጣም፤ የድምፁን ማዕበል ጫፍ ይቆርጠዋል እንጂ። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ይሻክራል፥ ቃሉ ይደበላለቃል፥ የርክርኩ መንቀጥቀጥ ይጠፋል፥ ስፒከሩም ሊቃጠል ይችላል።

ሁለቱ ደረጃዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ በነበሩበት ዘመን ይህን መጠን የሚያስተካክለው ፋብሪካው ስለ ነበር ተጠቃሚው የሚጨነቅበት ነገር አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የጥራት ወዳዶች ሁለቱን ለያይተው መግዛት ጀመሩ፤ ታሪኩም የሚታየው ኳድ በተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ሥራ ላይ ነው። በፈረንጆች 1953 የወጣው ኳድ ሁለት የተባለው አምፕሊፋየር 15 ዋቱን ለመስጠት 1.4 ቮልት ይፈልግ ነበር፤ በ1967 የወጣው ኳድ 303 ግን 0.5 ቮልት ይበቃው ነበር። የአሮጌውን ዘመን ቅድመ ማጉያ ገዝቶ ከአዲሱ አምፕሊፋየር ጋር ያገናኘ ሰው፥ ዕቃዎቹ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡና ሁለቱም የተመሰገኑ ሆነው ሳለ፥ ወደ 9 ዴሲቤል የሚጠጋ ትርፍ ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉን ትንሽ ሲነካው ቤቱ ይናወጣል። አዲሱን ቅድመ ማጉያ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር ያገናኘው ደግሞ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቢያዞር የሚፈልገውን ድምፅ አያገኝም። በፈረንጆች 1982 ሲዲ ሲመጣ ችግሩ ባሰ፤ የቤት ቴፕ ከአንድ ቮልት ሢሶ የማይበልጥ ሲሰጥ፥ የሲዲ ማጫወቻው 2 ቮልት የሚሰጥ ሆኖ ተሠራ። ማይክራፎን ግን ድሮም ዛሬም የሚሰጠው የቮልት ሺኛ ክፍሎችን ብቻ ነው።

አሁን የበዓል ዕለት በደጀ ሰላም የሚሆነውን ቀርበን እንመልከት። ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ውጭ ይንደቀደቃል፤ ሚክሰሩ በጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁለት የጡሩምባ ስፒከሮች በዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። የሲዲ ማጫወቻው 2 ቮልት ይሰጣል እንበል፤ ቅድመ ማጉያው ያን በአራት አባዝቶ 8 ቮልት ያደርሰዋል፤ አምፕሊፋየሩ ግን 100 ዋቱን ለመስጠት የሚፈልገው ያችኑ የቴሌፎን ዘመን 0.775 ቮልት ነው። ትርፉ ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። የቮሊዩም ቁልፍ ደግሞ የሰው ጆሮ ድምፅን በሚሰማበት አኳኋን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከ0 እስከ 10 ከተጻፈበት ላይ 5 ቁጥር ዘንድ ሲደርስ ከሚመጣው ቮልት ዐሥረኛውን ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ በዚህ አገጣጠም 5 ላይ ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ከ5 እስከ 10 ያለው ግማሹ የቁልፍ ጉዞ የተቆረጠ ድምፅ ብቻ ነው። ለጸሎት የሚስማማውን፥ አንድ ዋት ያህል የሆነውን ልዝብ ድምፅ የፈለገ እንደሆነ ግን ቁልፉ ከመነሻው ግማሽ ቁጥር እንኳ ሳይሄድ መቆም አለበት። በዚያ ጠባብ ስፍራ የጣት ጥቂት መንሸራተት የካህኑን ድምፅ ያጠፋል ወይም እጥፍ ያደርጋል፤ ግራና ቀኙ ስፒከር እኩል አይሆኑም፥ ምክንያቱም የቁልፉ የውስጥ መንገድ በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ትክክለኛ ሆኖ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። ማይክራፎኑ ስፒከሩን መልሶ ይሰማና ማጉያው ያፏጫል፤ ሕዝቡ ጆሮውን ይይዛል፤ መቆጣጠሪያው ላይ የተቀመጠው ወጣትም ደንግጦ ሲቀንሰው ዲያቆኑ ጨርሶ አይሰማም። ሰው ሁሉ ልጁን ይቈጣዋል፤ ጥፋቱ ግን መሣሪያዎቹን ካገናኘው እጅ ነው።

መድኃኒቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፥ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ነው። አምፕሊፋየሩ በመግቢያው የራሱ መቀነሻ ካለው እርሱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከሌለው ግን ሁለት ሬዚስተር በካውያ በይዶ በገመዱ መጨረሻ፥ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ አጠገብ ማግባት ነው፤ አንዱ 9.1 ኪሎ ኦም ሆኖ በምልክቱ መንገድ ላይ ይቆማል፥ ሁለተኛው 1 ኪሎ ኦም ሆኖ ከእርሱ በኋላ ወደ ምድሩ ሽቦ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ቮልት ዐሥረኛው ብቻ ይሆናል። ከላይ የተናገርነው ሙሉ ጉልበት ከ5 ቁጥር ተነሥቶ ወደ 10 ቁጥር ይሄዳል፤ በግማሽ ቁጥር ላይ ተጨንቆ የነበረው የአንድ ዋት ልዝብ ድምፅም 5 ቁጥር ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። መቆጣጠሪያው ሰፊ ሜዳ ያገኛል፤ ከቅድመ ማጉያው ራሱ የሚወጣው የ«ሽሽ» ድምፅም ከቮልቱ ጋር ወደ ዐሥረኛው ስለሚወርድ፥ በጸጥታው ጊዜ ከስፒከሩ የሚሰማው ጫጫታ እጅግ ይቀንሳል። ይህን ሲያዩ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞቻችን ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም፤ ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ነገር ግን ዕቃው ሲገዛ የሚጠይቃቸው የለም።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት ሌላ ልክ አለ። የቴሌፎን ሰዎች ላኪውና ተቀባዩ እኩል 600 ኦም እንዲሆኑ ያደርጉ ነበር፤ በድምፅ ማጉያ ግን የተቀባዩ አምፕሊፋየር የመግቢያ ኦም ከላኪው የመውጫ ኦም ቢያንስ ዐሥር እጥፍ እንዲበልጥ ይፈለጋል፤ አለዚያ ቅድመ ማጉያው ከሚችለው በላይ ተጭኖበት ይደክማል። ዛሬ የሚሠሩት መሣሪያዎች በአብዛኛው ይህን ያሟላሉ፤ ችግሩ የሚነሣው አሮጌ ከአዲስ ሲቀላቀል ነው፥ በእኛም አገር ያልተቀላቀለ የለም።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የስፒከሩ መቃጠል አይደለም። በቤተልሔም ስልት ዓመታት ቆጥሮ የተማረ መሪጌታ፥ ከደረት እስከ ቅናት ያለውን መንገድ በትዕግሥት የለመደ ሰው፥ በበዓል ዕለት ማይክራፎን ሲሰጠው ቁም ዜማውና ጽፋቱ በአንድ ዓይነት ጩኸት ለሕዝብ ይደርሳል። ማጉያው ከልኩ በላይ ስለ ተመገበ ለዘብ ያለውንም የበረታውንም ባንድ ጣሪያ ሥር ይቆርጠዋል፤ በማኅሌቱ ሌሊት ደረጃ በደረጃ የተሠራው መሰላል ከመጀመሪያው እርከን ይወድቃል። ሕዝቡም በጊዜ ብዛት ይህን ለምዶ፥ ያልጮኸ ድምፅ የደከመ ድምፅ ይመስለው ጀምሯል፤ ወጣት ዘማርያንም ማይክራፎኑን ይዘው ከመነሻው አክርረው ሲነሡ ይሰማሉ። አንዳንዶች መሣሪያውን ጨርሶ ከቤተ ክርስቲያን እናውጣው ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በጥምቀትና በንግሥ ዕለት ከየአጥቢያው የሚመጣው ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ ሲቆም፥ ዳር ያለችው አሮጊትም ቃለ ወንጌሉን መስማት ይገባታል።

መንግሥትም ነገሩን በሕግ አስቦበታል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከልክ ያለፈ ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል፥ በመኖሪያ ሰፈርም የተፈቀደው ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ቁጥር ለከተማ ክርክር ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በመለኪያ መሣሪያ እጥረት ምክንያት ለገጠሩ ደጀ ሰላም ብዙም አይደርስለትም። ለእርሱ የሚደርስለት በዕቃው መግዣ ቀን የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ቃሌን የምመልሰው ወደ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገራቸው ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ገዝተው ወደሚልኩ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ወዳሉ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች ነው። የዕቃው ዋጋ ከመከፈሉ በፊት ሁለት ቁጥር ይጠየቅ፤ አንደኛው ቅድመ ማጉያው ወይም ሚክሰሩ የሚሰጠው ቮልት፥ ሁለተኛው አምፕሊፋየሩ ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት የሚፈልገው ቮልት። ሁለቱም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ የሚበልጥ እንደሆነ መቀነሻ ይገዛ ወይም በጠጋኝ ይሠራ፤ የሚያንስ እንደሆነ ሌላ አምፕሊፋየር ይመረጥ። መሣሪያው ደርሶ በተተከለም ቀን መሪጌታው ራሱ በማይክራፎኑ ፊት ቆሞ አንድ ጊዜ በቁም ዜማ፥ አንድ ጊዜ በመረግድ ይበል፤ ከሜዳው ዳር የቆመ ሰው ሁለቱን ለይቶ እስኪሰማ ድረስ ቁልፉ ተስተካክሎ፥ ቦታው በቀለም ምልክት ይደረግበት።